ጉበትን አልፎ የሚሄድ ደም

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ ጉበት ነው፤ ይበልጡን ግን ጉበት ውስጥ መግባት ሲገባው በሌላ መንገድ ዞሮ ስለሚያልፈው ደም ነው። ከመጀመሬ በፊት፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

በ1877 በሩሲያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ፣ ኒኮላይ ኤክ የተባለ ሐኪም በስምንት ውሾች ላይ አንድ አዲስ ቀዶ ሕክምና ሠራ። ከሆድ ዕቃ ደም ሰብስቦ ወደ ጉበት የሚያስገባውን ትልቅ የደም ሥር፣ ከታችኛው አካል ወደ ልብ ከሚወጣው ትልቅ የደም ሥር ጋር ሰፍቶ አገናኘ፤ ወደ ጉበት የሚገባውንም ጫፍ አሰረው። ከአንጀት የሚመጣው ደም ጉበትን ሳይነካ ወደ ልብ እንዲሄድ ማድረጉ ነበር። ሰባቱ ውሾች ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ሞቱ። አንዱ ሁለት ወር ተኩል ኖረና ከቤተ ሙከራው አምልጦ ጠፋ። ኤክ ተስፋ አልቆረጠም፤ ይህ ሥራ ሆዳቸው ውሃ ለሚቋጥር ሕመምተኞች አንድ ቀን መፍትሔ ይሆናል ብሎ ጻፈ።

ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ በዚያችው ከተማ ኢቫን ፓቭሎቭ ነገሩን አንሥቶ ቀጠለ። ፓቭሎቭን ብዙዎቻችን የምናውቀው በውሾች ምራቅ ላይ ባደረገው ጥናት ነው። ከዚያ በፊት ግን እጁ የተፈታ ቀዳጅ ሐኪም ነበርና፣ እንዲህ የተሠሩትን ውሾች በሕይወት ለማቆየት ቻለ። እሱና ባልደረቦቹ ያዩትን በ1893 አሳተሙ። ውሾቹ ሥጋ ሲበሉ ጠባያቸው ይለወጣል። ይነጫነጫሉ፣ ሲሄዱ ይንገዳገዳሉ፣ ዓይናቸው ተከፍቶ ሳለ የሚያዩ አይመስሉም፤ ሲብስባቸው ይንቀጠቀጡና ራሳቸውን ይስታሉ። ከእነርሱም መካከል ከዚያ ወዲያ ሥጋ ቢቀርብላቸው ዞር ብለው የማያዩ ነበሩ።

ይህን የውሾች ታሪክ ያስቀደምሁት ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናየው የብዙ ሰው ሥቃይ በውስጡ ስላለ ነው። የጉበት ሕመምተኛ ቀን እየተኛ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ሲያነጋ፣ ያለ ጠባዩ ሲቆጣ፣ የልጆቹን ስም ሲያምታታ፣ ቤተሰብ ይደነግጣል። አእምሮው ተነካ ይባላል። ጠበል መውሰድም፣ ዱዓ ማስደረግም የቤተሰቡ መብት ነው፤ ነገር ግን ሕመሙ የተነሣው ከሆዱ ነው፣ ደሙ መንገድ ስለሳተበት ነው፤ ሆስፒታል በጊዜ ከደረሰ ደግሞ በአብዛኛው ይመለሳል። ይህን ባለማወቅ የሚጠፋው ሕይወት ያሳዝነኛል፤ የዛሬውን ዝግጅት እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ጉበት በቀኝ ጎናችን ከጎድን አጥንት ሥር ያለ፣ በዐዋቂ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን አካል ነው። በየደቂቃው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ደም ይገባበታል። ከዚህ ውስጥ ሩቡ ብቻ ነው እንደ ሌላው አካላችን ከልብ ተነሥቶ በደም ቅዳ የሚመጣው። ቀሪው ሦስት አራተኛ ከጨጓራ፣ ከአንጀት፣ ከቆሽትና ከጣፊያ ተሰብስቦ ፖርታል በሚባል አንድ ትልቅ የደም ሥር በኩል ይገባል።

ጉበት በዚህ መንገድ ላይ እንደተተከለ ኬላ ነው። የበላነው፣ የጠጣነው፣ የዋጥነው መድኃኒት፣ አንጀታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት መርዝ፣ ሁሉም ወደ ልብና ወደ አንጎል ከመዝለቁ በፊት እዚያ ይፈተሻል። ኬላው ሲዘጋ የመጣው ጭነት ቆሞ አይጠብቅም፤ በጢሻ በጫካው የራሱን መንገድ ያወጣል። ታዲያ ጭነቱ ሳይፈተሽ ከተማ ገባ ማለት ነው።

ኬላውን የሚዘጋው ምንድን ነው? ጉበት ለብዙ ዓመታት ሲቆስል ጠባሳ ያበጃል፤ ጠባሳው ሲበዛ ሥጋው ይጠነክራል፣ ሐኪሞች ሲሮሲስ የሚሉት ደረጃ ላይ ይደርሳል። እንደ ልብ ይፈስ የነበረው ደም በጠነከረው ሥጋ ውስጥ ማለፍ ያቅተዋል፤ በፖርታሉ ውስጥም ግፊት ይነሣል። በጤነኛ ሰው ጉበት መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። 10 ሲደርስ አደጋው ይጀምራል፤ ከ12 ሲያልፍ ደም መፍሰስ ሊመጣ ይችላል። በክንድ ላይ የምንለካው የደም ግፊት ከዚህ ጋር አይገናኝም። በክንዱ ሲለካ ግፊቱ ዝቅተኛ የሆነ ሰው በሆዱ ውስጥ ያለው ግፊት ከልክ ያለፈ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በአገራችን ጉበቱን የታመመ ሰው ወዲያው ጠጪ ነው ይባላል። አረቄና ሌላውም መጠጥ ጉበትን እንደሚያቆስል እርግጥ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ጉበቱ የሚጠነክረው በሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱም በልጅነት፣ ብዙ ጊዜ ከእናት ወይም ከሌላ ልጅ ይያዛል። አንድ ጠብታ መጠጥ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ መነኩሲት፣ አንድ ሼኽ፣ አንዲት ወጣት እናት ይታመማሉ። በሐሜት ምክንያት ሕመሙን መደበቅ ደግሞ ሕክምናውን ያዘገያል።

ሌላው ምክንያት ቢልሃርዚያ ነው። በጣና ዳርቻ፣ በዝዋይ፣ በወንጂ የመስኖ እርሻ፣ ቀንድ አውጣው በሚራባበት ውሃ ውስጥ የሚዋኝ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ትሉን በቆዳው በኩል ያስገባል። ትሉ የሚጥለው እንቁላል በደም ተወስዶ በፖርታሉ ቅርንጫፎች ውስጥ ይቀራል፤ በዙሪያውም ጠባሳ ይበቅላል። የቢልሃርዚያ ጠባሳ የሚዘጋው ወደ ጉበት ሥጋ ከመድረሱ በፊት ያለውን መግቢያ ነው፤ ስለዚህ የጉበቱ ሥጋ ለረጅም ጊዜ ደኅና ሆኖ ይቆያል። እንዲህ ያለው ሰው ጣፊያው እጅግ ያብጣል፣ ደም ያስታውካል፤ የማሰብ ችሎታው ግን እንደ ሲሮሲስ ሕመምተኛ ቶሎ አይታወክም። ይህ ልዩነት ሐኪሙ የሚመርጠውን ሕክምና ይለውጠዋልና ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። የቢልሃርዚያ መድኃኒት፣ ፕራዚኳንቴል፣ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይታደላል። ቀንድ አውጣውን በእንዶድ መግደል እንደሚቻል በ1964 በዐድዋ ያስተዋለው የአገራችን ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ፤ ለዚህም ሥራ ከባልደረባው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

በሰሜን ምዕራብ ትግራይም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሆድ የሚነፋ፣ ገበሬዎችን ከነቤተሰባቸው የሚገድል የጉበት በሽታ ታይቶ ነበር። ተመራማሪዎች ሲከታተሉት ከእህል ጋር አብሮ የሚታጨድ መርዘኛ አረም ላይ ደረሱ። ያ መርዝ የሚዘጋው ከጉበት የሚወጡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ነው። በመግቢያው፣ በመካከሉ ወይም በመውጫው ይዘጋ፣ የሆድ ደም ወደ ኋላ መገፋቱ አይቀርም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ኋላ የተገፋው ደም በየት ይሄዳል? ከእናታችን ማሕፀን ጀምሮ በሰውነታችን ውስጥ የነበሩ፣ ነገር ግን ሥራ ፈትተው የቆዩ ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉ። ግፊቱ ሲበዛ ይከፈቱና ይሰፋሉ። አንዳንዶቹ በምግብ መውረጃ ቧንቧ የታችኛው ጫፍና በጨጓራ አናት ዙሪያ ናቸው። አንዳንዶቹ በእምብርት ዙሪያ ቆዳ ላይ ጎልተው ይታያሉ፤ በፊንጢጣ አካባቢ የሚያብጡም አሉ። ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ ከጣፊያ ተነሥተው በግራ ኩላሊት የደም ሥር በኩል ወደ ልብ የሚሄዱት ናቸው። ሐኪሞች እነዚህን የጎን መንገዶች ሸንት ይሏቸዋል። በ2018 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት 1729 የሲሮሲስ ሕመምተኞችን በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ አይቶ ከአሥሩ በስድስቱ ገደማ እንዲህ ያለ መንገድ ተከፍቶ አግኝቷል። ትልቅ ሸንት የነበራቸው፣ ጉበታቸው ገና ብዙም ሳይደክም፣ ይበልጥ ለአእምሮ መታወክ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ።

ሰውነት መንገዱን የከፈተው ራሱን ሊያስተነፍስ ብሎ ነው። ግን ሁለት ዕዳ ይመጣበታል። አንደኛው ደም መፍሰስ ነው፤ በምግብ ቧንቧ ውስጥ ያበጡት ሥሮች ግድግዳቸው ስስ ስለሆነ ይፈነዳሉ። ሁለተኛው ያልተጣራው ደም ወደ አንጎል መድረሱ ነው። የሕክምናው ታሪክ በሙሉ፣ ከኤክ እስከ ዛሬ፣ አንደኛውን ሲያስታግሱ ሁለተኛውን የማባባስ ፈተና ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ በል ብባል የምለው ይህን ነው፤ ግፊቱን የሚቀንስልን የጎን መንገድ ሁሉ በዚያው ልክ ጉበትን ያስዘልላል።

አሜሪካዊው ቀዳጅ ሐኪም አለን ዊፕል በ1945 ኤክ በውሾች ላይ የሠራውን በሰዎች ላይ መሥራት መጀመሩን ገለጠ። ደም ማስታወክ ቆመ። ደስታ ሆነ። በ1960ዎቹና 70ዎቹ ሕመምተኞቹን በዕጣ ከፍለው ያነጻጸሩ ጥናቶች ሲወጡ ግን፣ ቀዶው ደሙን ቢያቆምም ዕድሜ እንደማይጨምር፣ በአንጻሩም አእምሯቸው የሚታወክ ሕመምተኞች እንደሚበዙ ታወቀ። ቀዳጅ ሐኪሙ ዲን ዋረንና ባልደረቦቹ በ1967 የጣፊያውን መንገድ ብቻ ወደ ኩላሊት የደም ሥር አዙረው ፖርታሉ ወደ ጉበት መፍሰሱን እንዲቀጥል የሚያደርግ ቀዶ ሠሩ። በዚያው ዓመት በግብፅ፣ ቢልሃርዚያ በበዛበት አገር፣ ሐሳብ የተባለ ሐኪም ደሙን ወደ ሌላ መንገድ ማዞር ትቶ፣ ጣፊያውን አውጥቶ በጨጓራና በምግብ ቧንቧ ዙሪያ ያበጡትን ሥሮች አንድ በአንድ የማሰር ውጤቱን አሳተመ። ቅድም እመለስበታለሁ ያልሁት ይህ ነው። የቢልሃርዚያ ሕመምተኛ የጉበቱ ሥጋ ደኅና ነውና ደሙን ማስዘለል ጤነኛውን ጉበት ያለ ምክንያት ማስራብ ይሆናል።

ከዚያ ቲፕስ የተባለው፣ ሆድ ሳይከፈት በጉበት ውስጥ የደም መንገድ የሚያወጣ ዘዴ መጣ። ከቼኮዝሎቫኪያ ወደ አሜሪካ የሄደው ጆሴፍ ሮሽ በአንገት የደም ሥር በኩል ገብቶ የሐሞት ቧንቧ ፎቶ ለማንሣት ሲሞክር መርፌው ሳያስበው ፖርታሉ ውስጥ ገባበት። ከዚህ አጋጣሚ ሐሳቡን አወጣና በ1969 በእንስሳት ላይ የሠራውን አሳተመ። በ1982 በካናዳ ኮላፒንቶ የተባለ ሐኪም በሰው ላይ ሞከረው፤ በፊኛ ብቻ ያሰፋው ቀዳዳ ግን እየተዘጋ አስቸገረ። በ1988 በጀርመን ስቴንት የሚባል የብረት ሽቦ ቱቦ ተጨመረለት፤ ዛሬ የምናውቀው ቲፕስ ያን ጊዜ ተወለደ።

አሠራሩን ልግለጽ። ሆድ አይከፈትም። ሐኪሙ በአንገት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ የልብን የቀኝ ክፍል አሳልፎ፣ ከጉበት በሚወጣው የደም ሥር ውስጥ ያደርሰዋል። በራጅ እያየ በረጅም መርፌ የጉበቱን ሥጋ ሰንጥቆ ፖርታሉን ያገኛል። መንገዱን በፊኛ ያሰፋና ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ስቴንት ይተክልበታል። ድሮ ስቴንቱ ባዶ ሽቦ ስለነበር ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይጠብብ ነበር፤ ዛሬ በልባስ የተሸፈነው ለዓመታት ክፍት ሆኖ ይቆያል። ግፊቱ ከ12 በታች ሲወርድ ደሙ ይቆማል፤ ሆድ ውስጥ እየተቋጠረ በየሳምንቱ በመርፌ የሚቀዳው ውሃም በብዙዎቹ ይቀንሳል።

ቲፕስ ለማን ነው? በ2010 የታተመ አንድ የአውሮፓ ጥናት ደም ካስታወኩት መካከል ለአደጋ ይበልጥ የተጋለጡትን 63 ሰዎች በሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ወገን በሦስት ቀን ውስጥ ቲፕስ ሠራ፣ ሌላውን በመድኃኒትና በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ ማከሙን ቀጠለ። ዓመት ሲሞላ ከመጀመሪያዎቹ 86 በመቶው፣ ከሁለተኞቹ 61 በመቶው በሕይወት ነበሩ። ጊዜውን ጠብቆ ለተገቢው ሰው ሲሠራ የሚያደርገውን ለውጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ግን ልቡ ለደከመ፣ የሳንባው የደም ግፊት ለበዛ፣ ጉበቱ ፈጽሞ ለወደቀ፣ አእምሮው ደጋግሞ ለሚታወክበት ሰው አይመከርም። ቲፕስ ከተሠራላቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የመደናገር ምልክት ያሳያል። ስለዚህ ዘመዳችሁ በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በአውሮፓ ሆኖ ይህ ሥራ ቢታሰብለት፣ ሐኪሙን ስለ ስቴንቱ ስፋትና ስለ ልቡ ምርመራ ጠይቁት። የማያሳፍር፣ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ቲፕስ ልዩ ሙያና ውድ መሣሪያ ስለሚፈልግ በየቦታው አይገኝም። በመጀመሪያ የሚሠሩት ሕክምናዎች ግን ርካሽና የተፈተኑ ናቸው። ፕሮፕራኖሎልና ካርቬዲሎል የሚባሉ ክኒኖች የፖርታሉን ግፊት ይቀንሳሉ፤ አስም ላለበት ሰው ግን አይሰጡም፤ ሐኪሙ የልብ ምቱንና የደም ግፊቱን እያየ ነው መጠኑን የሚወስነው። በኢንዶስኮፒ ያበጡትን ሥሮች በትንሽ የጎማ ቀለበት ማሰርም ይቻላል። ደም እየፈሰሰ ከመጣ ደግሞ ሆስፒታሉ የሆድን የደም ፍሰት የሚቀንስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ ወዲያው ይጀምራል፤ በተቻለ በ12 ሰዓት ውስጥ ኢንዶስኮፒ ያደርጋል። ደም መስጠትም በልክ ነው። በጣም ከተሰጠ ግፊቱ ይነሣና የቆመው ደም እንደገና ይፈሳል። ቤተሰብ ደም ለመስጠት ተሰልፎ ሳለ ሐኪሙ ይበቃል ቢል፣ የሚያውቀው ምክንያት ስላለው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አእምሮው እንመለስ። በአንጀት ውስጥ ፕሮቲን ሲፈጭ አሞኒያ ይፈጠራል፤ ጉበት ወደ ዩሪያ ለውጦ በሽንት እንዲወጣ ያደርገዋል። ደሙ ጉበትን ሲዘል አሞኒያው ከሌሎች መርዞች ጋር አንጎል ይደርሳል። ምልክቱ በእንቅልፍ መዛባት ይጀምራል። ቀጥሎ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እጆቹን ዘርግቶ መዳፉን ወደ ላይ ቀና እንዲያደርግ ብትነግሩት መዳፉ በየመካከሉ ይወድቃል። የእጅ ጽሑፉ ይበላሻል፣ ፊርማው ይለወጣል፤ ባንክ ሄዶ ፊርማህ አይመሳሰልም የተባለ ሕመምተኛ ቢኖር አትናቁት። ሲብስ ቀንና ቦታ ይጠፋበታል፣ በመጨረሻም ከእንቅልፍ አይነቃም።

ብዙ ጊዜ ይህን የሚቀሰቅስ አንድ ነገር አለ። የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን፣ በአንጀት የሚፈስ ደም፣ በተቅማጥ ወይም ሽንት በሚያበዛ መድኃኒት የመጣ የሰውነት ድርቀት፣ የእንቅልፍ ክኒን። እንቅልፍ እንቢ አለኝ ብሎ ከፋርማሲ ዳያዜፓም የገዛ የጉበት ሕመምተኛ በማግስቱ ላይነቃ ይችላል። ሐኪሙ መጀመሪያ ይህን ቀስቃሽ ነገር ይፈልጋል። ከዚያ ላክቱሎስ የሚባል ጣፋጭ ሽሮፕ ያዛል። ላክቱሎስ በትንሹ አንጀት የማይመጠጥ ስኳር ነው፤ ትልቁ አንጀት ደርሶ አሲድ ይሆናል፣ አሞኒያውን እዚያው ይዞ ከሰገራ ጋር ያስወጣዋል። ልኩ የሚታወቀው በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ ሲወጣ ነው። ከዚያ ቢያንስ ሽሮፑን መጨመር፣ ወደ ተቅማጥ ቢሄድ መቀነስ ያስፈልጋል። ብዙዎች ደኅና ሲሆኑ ያቋርጡታል፤ ሕመሙም ይመለሳል። ደጋግሞ ለሚመለስበት ሪፋክሲሚን የተባለ አንጀት ውስጥ የሚሠራ አንቲባዮቲክ ይጨመርለታል።

የፓቭሎቭ ውሾች ሥጋ በልተው መታመማቸው አንድ የተሳሳተ ልማድ አስከተለ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሕመምተኞች ፕሮቲን ተከለከሉ። ዛሬም በየክሊኒኩ እንዲህ ያለ ንግግር ይሰማል።

«ዶክተር፣ እንደ ነገሩን እንቁላልም ወተትም ከልክለነዋል። አጥሚት ብቻ ነው የምሰጠው።»

«እማማ፣ ማን ነገረዎት?»

«ጎረቤት ናት። እሷም ለወንድሟ እንዲሁ አድርጋ ነበር።»

«እማማ፣ ክንዱን አዩት? ጡንቻው አልቋል። አሞኒያውን ጉበት ሲያቅተው የሚያግዘው ጡንቻ ነው። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ እንቁላሉን ይስጡት። ማታም ሳይበላ አይተኛ።»

ሐኪሙ ልክ ነው። የዛሬው ምክር ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው። ስልሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ፕሮቲን ለእነዚህ ሕመምተኞች ከሥጋው ይበልጥ ይስማማል፤ የጾም ገበታችን ሽሮ፣ ክክ፣ ምስርና ባቄላ ለዚህ የተዘጋጀ ያህል ነው። ጨዉ ግን ይቀነስ፣ በተለይ ሆዱ ውሃ ለሚቋጥር። ጾሙን በተመለከተ፣ ሌሊቱን ሳይበላ ያደረ የሲሮሲስ ሕመምተኛ ሰውነት ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ሳይበላ ሲቆይ የሚሆነውን ይሆናል፤ ጡንቻውን መብላት ይጀምራል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ መግሪብ ሳይበላ መዋሉ ይጎዳዋል። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ፈቃድ አላቸው፤ የንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማሙን ከሐኪሙ ቃል ጋር አማክሩ።

መድኃኒቱን በሥርዓት እየወሰደ፣ ሌላ ቀስቃሽ ሳይኖር ደጋግሞ የሚደናገር ሰው ካለ፣ ሐኪሙ ትልቅ ሸንት መኖሩን በሲቲ ስካን ይፈልጋል። ከተገኘ በካቴተር ገብቶ መዝጋት ይቻላል፤ ጃፓኖች በ1990ዎቹ ያዳበሩት በፊኛ ዘግቶ የማድረቅ ዘዴ አለ። ብዙ ሕመምተኞች ከዚያ በኋላ ልባቸው ይመለሳል፣ ከሰው ጋር ያወራሉ። ግን አስቀድሜ ያልሁት ዕዳ እዚህም አለ፤ የተዘጋው መንገድ ግፊቱን መልሶ ያነሣል፤ በምግብ ቧንቧ ያሉት ሥሮች ሊያብጡ፣ ሆድም ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ የሚመረጠው ጉበቱ ገና የተወሰነ አቅም ላለው ሰው ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚፈታው የጉበት ንቅለ ተከላ ነው፤ እሱም ለጥቂቶች ነው የሚደርሰው።

ከሥሩ ማከም የሚቻልበት በር ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ሰፊ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስን በቀን አንድ ክኒን መግታት ይቻላል። በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይህን ሕክምና ለብዙ ሰው የሚያደርስ መርሃ ግብር ተጀምሯል። ቫይረሱ ሲገታ፣ መጠጡም ሲቆም፣ ጠባሳው ከዓመት ወደ ዓመት ሊሳሳና ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። ልጆቻችን ደግሞ ከ2007 ጀምሮ በአምስቱ በሽታዎች ክትባት ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያገኛሉ። በቤታችሁ አንድ ሰው ቫይረሱ ከተገኘበት፣ የትዳር ጓደኛው፣ ልጆቹ፣ እናቱ፣ እኅቶቹና ወንድሞቹ ይመርመሩ። በአሜሪካ የምትኖሩ አድማጮች፣ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2023 ጀምሮ ዕድሜው 18 የሞላ ሁሉ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይመክራልና ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ጉበቱ የታመመ ሰው በቤታችሁ ካለ የሚቀጥሉትን ነገሮች ልብ በሉ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይውሰድ፤ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፣ ደምም ያፈሳሉ። አእምሮው የሚታወክበት ከሆነ መኪና አይንዳ፤ ታክሲ ነጂ ቢሆንም ሕክምናው እስኪረጋ ሥራውን ያቁም፤ ይህ ለቤተሰብ ከባድ መሆኑን ዐውቃለሁ። ደም ካስታወከ ወይም ሰገራው ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ከሆነ፣ የሚውጠውም የሚጠጣውም አትስጡት፤ በጎኑ አስተኝታችሁ በዚያው ሰዓት ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። በር ላይ የሚቀበላችሁን ሐኪም «ሆዱን አሞት ነው» አትበሉት። ጉበቱ ታሟል፣ ይህን መድኃኒት ይወስዳል፣ ደሙ የጀመረው በዚህ ሰዓት ነው ብላችሁ ንገሩት፤ የክኒኑን ካርቶንና የመጨረሻውን የኢንዶስኮፒ ወረቀት አሳዩት።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት፣ ሄፓታይተስ ቢ የተገኘባት ነፍሰ ጡር እናት ልጇን እንዴት እንደምትጠብቅ እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)